ፒየር አንዤኒዩ

ፒየር አንዤኒዩ (ሐምሌ 7 ቀን 1899 ዓ.ም. – 1990 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. 1907–1998) ፈረንሳዊ መሐንዲስና የሌንስ ነዳፊ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በውስጣቸው መስታወት ላላቸው ካሜራዎች የሚሆን ዋይድ ሌንስ እ.ኤ.አ. በ1950 ለገበያ በማቅረቡና ከዚያ በኋላ ለሲኒማና ለቴሌቪዥን በሠራቸው የዙም ሌንሶች ነው። ዛሬ በዲ.ኤስ.ኤል.አር. ካሜራዎች ላይ የሚገጠሙት ዋይድ ሌንሶች፣ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው የተለመደው 18-55 ሳይቀር፣ ሁሉም ማለት ይቻላል እሱ ባስፋፋው አሠራር የተነደፉ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

አንዤኒዩ የተወለደው በመካከለኛው ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሎዋር በሚባለው አውራጃ፣ ሳንት ኤያን በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ የምትገኘው በድንጋይ ከሰል፣ በጦር መሣሪያና በብስክሌት ፋብሪካዎቿ ከምትታወቀው ከሳንቴትየን አጠገብ ነው። ይህ የትውልድ ቦታ በኋላ በሕይወቱ ትልቅ ድርሻ ይኖረዋል፤ ፋብሪካውን ወደዚያው መልሶ ወስዶታልና።

መጀመሪያ አር ኤ ሜትዬ በሚባለው የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት በክሉኒ ከተማ ተማረ። ቀጥሎ ፓሪስ ወደሚገኘው ከፍተኛ የኦፕቲክስ ትምህርት ቤት ገብቶ በ1929 ተመረቀ። ይህ ትምህርት ቤት ያኔ ገና አዲስ ነበር። ፈረንሳይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመነጽርና የማነጣጠሪያ ሌንስ ለመሥራት የሠለጠነ ሰው እንዳነሳት በመረዳቷ የተቋቋመ ነው።

ከመምህራኑ አንዱ አንሪ ክሬትየን ነበር። ክሬትየን ከአሜሪካዊው ጆርጅ ሪቺ ጋር የነደፈው የቴሌስኮፕ ዓይነት በኋላ ለሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ አገልግሏል። በ1920ዎቹ መጨረሻ የሠራው፣ ሰፊ ምስልን አጥብቦ በተራ ፊልም ላይ የሚያሳርፍ ሌንስ ደግሞ በ1950ዎቹ ሲኒማስኮፕ ለተባለው ሰፊ ስክሪን መሠረት ሆነ። አንዤኒዩ ከዚህ ሰው ሥር ማለፉ ሒሳብንና ሲኒማን አንድ ላይ የሚያይ ዓይን እንዲኖረው ሳይረዳው አልቀረም።

ከምረቃው በኋላ ፓቴ በተባለው የፊልም ኩባንያ ውስጥ ሠራ። በ1935 የራሱን ድርጅት በፓሪስ ከፈተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሥራውን ወደ ትውልድ ከተማው ወሰደ፤ ከጦርነቱም በኋላ የድርጅቱ ማዕከል እዚያው ቀረ። በካርታ ላይ ለማግኘት የምታስቸግር ከተማ ከጀርመንና ከጃፓን ትላልቅ ፋብሪካዎች ጋር የምትወዳደር የሌንስ መንደር ሆነች።

የመስታወቱ ችግር

የአንዤኒዩን ሥራ ለመረዳት የኤስ.ኤል.አር. ካሜራን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነቱ ካሜራ ውስጥ፣ በሌንሱና በፊልሙ መካከል፣ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ መስታወት አለ። ብርሃኑን ወደ ላይ ስለሚመልሰው ፎቶ አንሺው የሚያየው ሌንሱ ራሱ የሚያየውን ነው። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ወደ ላይ ይነሳና ብርሃኑ በቀጥታ ፊልሙ ላይ ያርፋል፤ በዲጂታሉ ካሜራ ደግሞ ሴንሰሩ ላይ። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራ የመጀመሪያው ታዋቂ ኤስ.ኤል.አር. በ1936 በጀርመን ድሬስደን ከተማ የወጣው ኪኔ ኤክዛክታ ነው።

መስታወቱ ለመነሳትና ለመውረድ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ሌንሱ የሚገጠምበት ቀለበት ከፊልሙ 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ነበረበት። ይህ ርቀት በኒኮን 46.5 ሚሊ ሜትር፣ በካኖን ዲ.ኤስ.ኤል.አር. 44 ሚሊ ሜትር ነው። ርቀቱ ለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ችግር አልነበረም። አንድ ተራ ሌንስ ከሩቅ የመጣውን ብርሃን የሚሰበስበው ከትኩረት ርቀቱ ጋር በሚቀራረብ ቦታ ላይ ነው፤ የ50 ሌንስ በ50 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ የ35 ሌንስ በ35 አካባቢ፣ የ24 ሌንስ በ24። ዕይታው በሰፋ ቁጥር ሌንሱ ወደ ፊልሙ መቅረብ አለበት ማለት ነው። መስታወቱ ግን በመንገዱ ላይ ቆሟል።

ላይካንና ኮንታክስን የመሳሰሉ መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም፤ የሌንሳቸው የኋላ ብርጭቆ ፊልሙን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይገባ ነበር። በዚህም ምክንያት በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዋይድ ሌንስ የሚፈልግ ባለሙያ ኤስ.ኤል.አር. አይገዛም ነበር። በካሜራው የሚታየው ከሚነሳው ጋር አንድ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ጠባብ ክፍል ውስጥ የቆመ ፎቶ አንሺ በ50 ሌንስ ምን ያደርጋል? ኤስ.ኤል.አር. የወደፊቱ ካሜራ ይሆን ወይስ አይሆን የሚለው ጥያቄ በከፊል በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ሬትሮፎከስ

አንዤኒዩ በ1950 ያወጣው ሌንስ የትኩረት ርቀቱ 35 ሚሊ ሜትር፣ የብርሃን መግቢያው ኤፍ 2.5 ነበር። ስሙን ሬትሮፎከስ አለው፤ ትኩረቱ ወደ ኋላ የተገፋ እንደማለት ነው።

መላው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ከሌንሱ ፊት አንድ ትልቅ ሰርጓዳ ብርጭቆ ይቀመጣል። ሰርጓዳ ብርጭቆ ብርሃንን ስለሚበትን ከሰፊው ዕይታ የመጡት ጨረሮች ወደ ኋለኞቹ ብርጭቆዎች የሚደርሱት ተከፍተው ነው። የኋለኞቹ ሰብሳቢ ብርጭቆዎች እነዚህን የተከፈቱ ጨረሮች ለማገናኘት ረዘም ያለ መንገድ ያስፈልጋቸዋል፤ ትኩረቱም ከወትሮው ርቆ፣ ከመስታወቱ በስተኋላ ያርፋል። የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ገልብጦ ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ ሁሉም ነገር አንሶና ሰፍቶ ይታያል። በእርግጥም አሠራሩ ቴሌፎቶ ሌንስን ከፊት ወደ ኋላ ማዞር ነው።

ሐሳቡ ራሱ ግን የአንዤኒዩ ብቻ አልነበረም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቴክኒከለር የተባለው የቀለም ፊልም ካሜራ ከሌንሱ ጀርባ ብርሃን ከፋይ ፕሪዝም ስለነበረው፣ ቴይለር ሆብሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለዚያ ካሜራ የተገለበጠ ሌንስ ሠርቶለታል። ምሥራቅ ጀርመን የነበረው የካርል ዛይስ የና ፋብሪካም በዚያው ሰሞን ፍሌክቶጎን የተባለ ተመሳሳይ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ አውጥቷል። የአንዤኒዩ ድርሻ ሐሳቡን ማንም ፎቶ አንሺ በኤክዛክታው ላይ ገጥሞ ወደ መንገድ ሊወጣበት ወደሚችል ዕቃ መለወጡ ነው። በ1953 ዕይታውን ወደ 28 ሚሊ ሜትር፣ በ1957 ደግሞ ወደ 24 ሚሊ ሜትር አሰፋው። የመጨረሻው ለዘመኑ ድፍረት ነበር።

ሌሎች አምራቾች ወዲያው ተከተሉ። ኒኮን በ1959 ኤፍ የተባለውን ዝነኛ ኤስ.ኤል.አር. ሲያወጣ 35 እና 28 ሚሊ ሜትር ዋይድ ሌንሶቹ በዚሁ አሠራር የተነደፉ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ገና አልደፈረውም። 21 ሚሊ ሜትር ሌንሱ በአሮጌው አሠራር የተሠራ ስለነበረ፣ መስታወቱን ወደ ላይ አንስቶ መቆለፍና በካሜራው አናት ላይ በሚሰካ ሌላ መመልከቻ ማየት ግድ ነበር፤ ኤስ.ኤል.አር. የተገዛበትን ምክንያት ራሱን የሚያስቀር ነገር ነው።

የንግድ ስሙ ዕጣ አስገራሚ ነው። በኢትዮጵያ የታሸገ ውሃ ሁሉ ሀይላንድ እንደተባለው፣ ሬትሮፎከስ የሚለው ስም ከአንድ ፋብሪካ ሌንስ አልፎ በዓለም ዙሪያ የአሠራሩ መጠሪያ ሆነ። ዛሬ በኦፕቲክስ መጻሕፍት ውስጥ ቃሉ ሲጠቀስ ብዙ አንባቢ የአንድ ሰው የንግድ ምልክት እንደነበረ አያውቅም።

የሒሳቡ ሸክም

በዚያ ዘመን ሌንስ መንደፍ ከምንም በላይ የስሌት ሥራ ነበር። አንድ ጨረር ከአየር ወደ ብርጭቆ ሲገባ ይሰበራል፤ የሚሰበርበትም መጠን በስኔል ሕግ ይታወቃል። ስድስት ብርጭቆ ያለው ሌንስ ቢወሰድና ብርጭቆዎቹ ያልተጣበቁ ቢሆኑ 12 ገጾች አሉት፤ እያንዳንዱ ጨረር 12 ጊዜ ይሰላል ማለት ነው። የምስሉን መሐልና ጠርዝ፣ ቀዩንና ሰማያዊውን ቀለም ለመፈተሽ ብዙ ጨረሮች ያስፈልጋሉ። ከዚያ የአንዱ ብርጭቆ ጉብጠት በጥቂቱ ተለውጦ ሁሉም እንደገና ከመጀመሪያው ይሰላል። ሳይንና ኮሳይኑ የሚፈለገው ከሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ነበር። ዛሬ አንድ ተራ ላፕቶፕ በቅጽበት የሚጨርሰው ሥራ ያኔ በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎችን ወራት ይፈጅ ነበር።

አንዤኒዩ ለዚህ የጨረር ስሌት የራሱን የአሠራር ዘዴ አበጅቶ የሚወስደውን ጊዜ በእጅጉ አሳጥሯል። ይህ የሕይወቱ ክፍል ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ሆኖም ለትንሽ የገጠር ፋብሪካ ከዛይስ ጋር መወዳደርን የሚቻል ያደረገው ይኸው ይመስላል። ሰርጓዳው የፊት ብርጭቆ ችግሩን አስወግዶ ሌላ ችግር ያመጣ ነበር። የሌንሱ የፊትና የኋላ ክፍል ስለማይመጣጠን ቀጥ ያለ ግድግዳ ወደ ውጭ እንደ በርሜል ይጎብጣል፤ የምስሉ ጠርዝም ይደበዝዛል። ይህን ለማረም ተጨማሪ ብርጭቆ፣ ለተጨማሪው ብርጭቆ ደግሞ ተጨማሪ ስሌት ያስፈልጋል።

ብርጭቆ በበዛ ቁጥር ነጸብራቅም ይበዛል። በ1935 የዛይሱ አሌክሳንደር ስማኩላ ብርጭቆን በስስ ፀረ ነጸብራቅ ሽፋን መቀባትን ባያስገኝ ኖሮ ብዙ ብርጭቆ ያላቸው እነዚህ ሌንሶች ምስላቸው ጭጋግ የለበሰ በሆነ ነበር።

ዙምና ጨረቃ

በ1953 አንዤኒዩ ለ16 ሚሊ ሜትር የፊልም ካሜራ የሚሆን፣ የብርሃን መግቢያው ኤፍ 0.95 የሆነ 25 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሠራ። በደብዛዛ ብርሃን ለመቅረጽ በዘመኑ ተወዳዳሪ የሌለው ነበር ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ወደ ዙም ዞረ። ዕይታውን እያሰፋና እያጠበበ የሚቀርጽ ሌንስ ከእሱ በፊትም ነበር፤ ፓን ሲኖር የተባለው ሌላ የፈረንሳይ ሌንስ በስፋት ይሸጥ ነበር። ችግሩ ዕይታው በተለወጠ ቁጥር ትኩረቱ ትንሽ መንሸራተቱ ነው። አንዤኒዩ በ1950ዎቹ አጋማሽ ባወጣው 17-68 ሚሊ ሜትር ዙም ላይ የውስጥ ብርጭቆዎቹን በትክክል በተፈለፈለ መሪ ጎድጓዳ መስመር እያንቀሳቀሰ ትኩረቱ ከቦታው እንዳይነቃነቅ አደረገ። ይህ የሚጠይቀው የብረት ሥራ ጥራት ከሒሳቡ አይተናነስም። ከዚያ የመጣው 12-120 ሚሊ ሜትር፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላው ዙም፣ በ1960ዎቹ በ16 ሚሊ ሜትር ለሚሠሩ የዘጋቢ ፊልምና የቴሌቪዥን ዜና ቀራጮች የዘወትር ዕቃ ሆነ። ቀራጩ ሌንስ ለመቀየር ሳይቆም ከሰዎች ፊት ወደ አደባባዩ፣ ከአደባባዩ ወደ ሰዎች ፊት መሄድ ቻለ።

በሐምሌ ወር 1964 የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ሬንጀር 7 የተባለችውን መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ላከ። ከእሷ በፊት የተላኩት ስድስቱ ሬንጀሮች ዓላማቸውን ሳያሳኩ ቀርተዋል። የሰባተኛዋ ካሜራዎች የአንዤኒዩን 25 ሚሊ ሜትር ኤፍ 0.95 ሌንስ ይዘው ነበር። መንኮራኩሯ ከጨረቃ ጋር ከመጋጨቷ በፊት በነበሩት 17 ያህል ደቂቃዎች ከ4300 በላይ ምስሎችን ላከች። የመጨረሻዎቹ እስከዚያ ዘመን በምድር ቴሌስኮፕ ከታየው ሁሉ እጅግ የበለጠ ዝርዝር ነበራቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1969 የአፖሎ 10 ጠፈርተኞች የመጀመሪያውን የቀለም የቴሌቪዥን ሥርጭት ከጠፈር ሲያስተላልፉ በካሜራቸው ላይ የነበረው ዙም ከዚያው ከሳንት ኤያን ፋብሪካ የወጣ ነበር።

የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ በአሥር እጥፉ ዙም ምክንያት ለ1964 የቴክኒክ ሽልማት ሰጥቶታል። በ1990 በተካሄደው ሥነ ሥርዓት ደግሞ ለሲኒማ ቴክኖሎጂ የዕድሜ ልክ አስተዋጽኦ የሚሰጠውን የጎርደን ሶየር ሽልማት ተቀበለ። ስታንሊ ኩብሪክ በ1975 ባሪ ሊንደን በተባለው ፊልሙ ላይ ከአንድ ሰው ፊት ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ሰፊ መልክዓ ምድር የሚከፈተውን ዝነኛ አቀራረጽ የሠራው በአንዤኒዩ ብርጭቆ ላይ በተመሠረተ ሃያ እጥፍ ዙም ነበር።

በዛሬ ዋይድ ሌንስ ላይ ያለው አሻራ

የአንዤኒዩ ሥራ ተግባራዊ ትርጉም በኢትዮጵያ ምሳሌ በቀላሉ ይታያል። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከዙሪያው አለት ተፈልፍሎ የወጣ ሲሆን ወርዱ 12 ሜትር ያህል ነው። ፎቶ አንሺው ከታች ወርዶ ጀርባውን ለአለቱ ግድግዳ ሰጥቶ ቢቆም ከሕንጻው ቢርቅ 6 ሜትር ገደማ ነው እንበል። ሕንጻው ከዳር እስከ ዳር እንዲገባ 90 ዲግሪ ዕይታ ያስፈልገዋል። አነስተኛ ሴንሰር ያለው የተለመደ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. በ18 ሚሊ ሜትር ከዚያ ርቀት የሚይዘው ከ8 ሜትር ያነሰ ነው። በ10 ሚሊ ሜትር ግን ከ13 ሜትር በላይ ይይዛል። ወደ ኋላ የሚባል ነገር በሌለበት ቦታ በእግር የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። በአንጻሩ ዱከም ውስጥ አራት በአራት ሜትር በሆነ ሳሎን የልደት ፎቶ የሚያነሳ ሰው ከአንዱ ግድግዳ ቆሞ የፊት ለፊቱን ግድግዳ በሙሉ ለማግኘት 18 ይበቃዋል፤ የጎን ግድግዳዎቹንም ከፈለገ ወይም ከማዕዘን ከቆመ ብቻ ነው ወደ 10 መሄድ የሚኖርበት።

በካሜራው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ የሴንሰሩ ስፋትም ይታያል። የአንዤኒዩ 28 ሚሊ ሜትር በፊልም ዘመን እውነተኛ ዋይድ ነበር። ያው ቁጥር በአነስተኛ ሴንሰር ላይ ሲገጠም ወደ 42 ይጠጋና ዋይድነቱ ይጠፋል። ያገለገለ አሮጌ ዋይድ ሌንስ በርካሽ የሚገዙ ጀማሪዎች ቅር የሚሰኙት ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ለእነዚህ ካሜራዎች የተነደፉት የካኖን 10-18 (የ2014) እና የኒኮን 10-20 (የ2017) ዋጋቸው ከሌሎቹ መሰል ሌንሶች ያነሰ ቢሆንም ሁለቱም ገደብ አላቸው። የካኖኑ ሙሉ ሴንሰር ባላቸው የካኖን ዲ.ኤስ.ኤል.አር.ዎች ላይ አይገጠምም፤ የኒኮኑ ደግሞ በአንዳንድ ቆየት ያሉ የኒኮን ካሜራዎች ላይ ትኩረቱን ማስተካከል አይችልም። ያገለገለ ካሜራ በሚበዛበት ገበያ ከመግዛት በፊት በራሱ ካሜራ ላይ ገጥሞ መሞከር ይሻላል።

ሬትሮፎከስ ሳይታሰብ ለዲጂታሉ ዘመንም ጠቅሟል። የኋላው ብርጭቆ ከሴንሰሩ ስለሚርቅ ብርሃኑ በጠርዙ ላይ እንኳ በጣም ሳያጋድል ያርፋል። ፊልም ለብርሃን አቅጣጫ ያን ያህል ግድ አልነበረውም፤ ሴንሰር ግን ከጎን የሚመጣ ብርሃን ሲበዛበት ጠርዙ ይጠቁራል፣ ቀለሙም ይዛባል። ለመስታወቱ ሲባል የተከፈለው የክብደትና የዋጋ ዕዳ በዚህ በኩል በከፊል ተመልሷል።

የመጨረሻ ዓመታት

አንዤኒዩ በ1970ዎቹ ከድርጅቱ አመራር ለቀቀ። ፋብሪካው በኋላ ቶምሰን በተባለው፣ ስሙ ወደ ታሌስ በተለወጠው የፈረንሳይ ኩባንያ ሥር ገባ፤ የሲኒማ ዙሞችን በስሙ ማምረቱንም ቀጠለ። አንዤኒዩ በ1998 በ90 ዓመቱ አካባቢ አረፈ። ከ2013 ጀምሮ በካን የፊልም ፌስቲቫል ለታላላቅ የካሜራ ባለሙያዎች በስሙ ክብር ይሰጣል።

ከመስታወት ነጻ የሆኑት የዛሬዎቹ ካሜራዎች በሌንስ ቀለበቱና በሴንሰሩ መካከል ያለውን ርቀት ወደ 20 ሚሊ ሜትር እና ከዚያ በታች አውርደውታል፤ በካኖን 20፣ በሶኒ 18፣ በኒኮን 16 ነው። ነዳፊዎች የኋላውን ብርጭቆ እንደገና ወደ ሴንሰሩ ማስጠጋት ችለዋል። ከፊት ያለው ትልቁ ሰርጓዳ ብርጭቆ ግን በብዙዎቹ ዋይድ ሌንሶች ላይ አሁንም አለ፤ ሴንሰሩ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ብርሃን ይመርጣልና።